ቪዲዮና ድምፅ ያለው አፕ በምን እንሥራ? የዌብና የዴስክቶፕ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ለልጆች ፊደል የሚያስተምር አፕ ልትሠሩ አስባችኋል እንበል። ልጁ «ለ»ን ሲነካ የመምህሯ ድምፅ ይሰማል። ፊደሉ ከየት ተጀምሮ የት እንደሚጨረስ በአኒሜሽን እየተጻፈ ይታያል። ከዚያ አጭር የተረት ቪዲዮ ይከተላል። ሐሳቡ ያምራል። ጣጣው የሚመጣው ቀጥሎ ነው። በምን ይሠራ? በብራውዘር የሚከፈት ዌብሳይት ይሁን ወይስ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ሶፍትዌር? የሚጫን ከሆነስ ከአፕ መሥሪያዎቹ በየትኛው? በኤሌክትሮን፣ በታውሪ፣ በፍላተር ወይስ በኪውት?

ብዙ ቡድን ለዚህ መልስ የሚሰጠው ፕሮግራመሩ የሚያውቀውን አይቶ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሥራችሁ ተጠቃሚው እጅ የሚገባው በምን መንገድ ነው? በሊንክ? በቴሌግራም በሚላክ ፋይል? በፍላሽ ዲስክ? ተጠቃሚው ሜሪላንድ ውስጥ ቤቱ ዋይፋይ ያለው ልጅ ነው ወይስ ኢንተርኔት በሌለው የትምህርት ቤት ላብራቶሪ አንድ ኮምፒውተር ከጓደኞቹ ጋር የሚጋራ ተማሪ? ይህ ከተመለሰ ከምርጫው ግማሹ አለቀ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀድመው የሞቱት

በ2000ዎቹ ዌብ ላይ የሚንቀሳቀስና የሚያወራ ነገር አብዛኛው ፍላሽ በሚባል ሶፍትዌር (ፍላሽ ዲስክ አይደለም) የተሠራ ነበር። ዩቲዩብ በ2005 ሲጀምር ቪዲዮ ያጫውት የነበረው በፍላሽ ነው። ማይክሮሶፍት በ2007 የፍላሽ ተፎካካሪ የሆነውን ሲልቨርላይትን አመጣ፤ ኔትፍሊክስም ለኮምፒውተር ተመልካቾቹ ተጠቀመበት። ሁለቱም የሚሠሩት ብራውዘሩ ላይ ተጨማሪ ፕለጊን ሲጫን ብቻ ነበር። ፕለጊኑ ደግሞ የአንድ ድርጅት ንብረት ነው። ባለቤቱ ሲተወው የእናንተም ሥራ አብሮ ይቀበራል።

የሆነውም ይኸው ነው። አፕል አይፎን ላይ ፍላሽን ከመጀመሪያውም አላስገባም። አዶቤ በ2011 የሞባይሉን ፍላሽ ማሳደግ አቆመ። በ2020 መጨረሻ ድጋፉን ጨርሶ ዘጋ፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ ማጫወቻው ራሱ ይዘት እንዳይከፍት ተደረገ። ሲልቨርላይትም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አበቃለት። ሰው የደከመባቸው የትምህርት ገጾችና ጨዋታዎች ባዶ ሳጥን ሆነው ቀሩ። ረፍል የሚባል ነፃ ሶፍትዌር የተወሰኑትን ዛሬም ያስነሳል፤ ኢንተርኔት አርካይቭም ይጠቀምበታል። ሁሉን ግን አይመልስም።

ለዚህ ነው አማራጮቹን ሳወዳድር አንድ ነገር የማልደራደርበት። ቪዲዮው፣ ድምፁና ጽሑፉ የትኛውም ሶፍትዌር ሊከፍተው በሚችል ተራ ፋይል ይቀመጥ። መሸፈኛው ይለዋወጣል፤ ይዘቱ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ መዛወር አለበት።

ብራውዘር ብቻ

የዌብ ገጾች የሚጻፉበት ቋንቋ እትም የሆነው ኤችቲኤምኤል 5 በ2014 ይፋዊ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ዩቲዩብ በ2015 መጀመሪያ ላይ ፍላሽን ትቶ ወደ እሱ ዞረ። ዛሬ ብራውዘር ያለምንም ፕለጊን ቪዲዮ ያጫውታል፣ ድምፅ ያቀናብራል፣ ባለሦስት አውታር ምስል ይስላል፣ የቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ያገናኛል። የሚጫን ነገር የለም። ሊንኩን መላክ ይበቃል። ስህተት ሲገኝ አንድ ቦታ ታስተካክላላችሁ፤ ሁሉም ተጠቃሚ የተስተካከለውን ያገኛል። ስልክም ላፕቶፕም ላይ ይከፈታል። ተጠቃሚያችሁ ኢንተርኔት ካለው ሌላ አማራጭ ከማየታችሁ በፊት ከዚህ ጀምሩ።

ትልቁ ፈተና ዳታ ነው። ሒሳቡን አብረን እናስላው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈጅ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 75 ሜጋባይት ይሆናል። ወደ 500 ኪሎቢት ብታወርዱት 37 ሜጋባይት ገደማ። የመምህሯን ድምፅ ብቻ ኤኤሲ በሚባለው ኮዴክ (ድምፅና ቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ) በ48 ኪሎቢት ብታስቀምጡት ግን 3.6 ሜጋባይት ነው። ኦፐስ በሚባለው ኮዴክ በ24 ኪሎቢት ካደረጋችሁት 1.8 ሜጋባይት ይወጣዋል፤ ንግግሩም ጥርት ብሎ ይሰማል። በዚህ ላይ ጥቂት የተጨመቁ ሥዕሎች ብትጨምሩ ሙሉው ትምህርት ከ5 ሜጋባይት በታች ያልቃል። የሞባይል ፓኬጅ እየቆጠረ ለሚጠቀም ወላጅ ይህ ልዩነት ትምህርቱን በመክፈትና ባለመክፈት መካከል ያለ ልዩነት ነው። መምህሯ ቆማ ስትናገር ብቻ የሚያሳይ ቪዲዮ ካላችሁ ደፍራችሁ ወደ ድምፅና ሥዕል ቀይሩት። ቪዲዮን እጅ፣ አፍና እንቅስቃሴ መታየት ላለበት ትምህርት አቆዩት። ኦፐስን አንዳንድ አሮጌ አይፎኖች ስለማይከፍቱት የኤኤሲ ቅጂም አብራችሁ አስቀምጡ።

ቪዲዮ የግድ ከሆነ ኤች.264ን ምረጡ። ከ2003 ጀምሮ ያለ ኮዴክ ነው፤ የማይከፍተው መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። በ2018 የወጣው ኤቪ1 ፋይሉን በደንብ ያሳንሳል። ነገር ግን አሮጌ ስልክ ለእሱ የተሠራ ቺፕ ስለሌለው ዋናው ፕሮሰሰር ይለፋል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ሁለቱን አዘጋጅቶ ብራውዘሩ የሚችለውን እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል። ጊዜ ከሌላችሁ ኤች.264 ብቻውን ይበቃል።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያልፋታል። የኤምፒ4 ፋይል ማውጫው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻው ላይ ነው። ማጫወቻው ያንን ሳያገኝ መጀመር አይችልም። ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን ተመልካቹ ክቡ ሲሽከረከር እያየ ይጠብቃል። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ነፃ መሣሪያ ስትጨምቁ «ፋስትስታርት» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ፤ ማውጫው ወደ ፊት ይመጣል። በዚያው ቪዲዮው ገጹ እንደተከፈተ ራሱን ማውረድ እንዳይጀምር ቅድመ-ጭነቱን ዝጉት፤ በምትኩ አንድ የሽፋን ሥዕል አስቀምጡ። ልጁ ሳይነካው አንድ ሜጋባይት እንኳ አይበላም።

ድምፅም የራሱ ጠባይ አለው። ክሮም ከ2018 ጀምሮ ተጠቃሚው ገጹን ሳይነካ ድምፅ ያለው ነገር በራሱ እንዲጀምር አይፈቅድም። አይፎንም እንደዚያው ነው። ከዚህ ጋር መታገል ትርፍ የለውም። መግቢያው ላይ ትልቅ «ጀምር» የሚል ቁልፍ አድርጉ፤ ልጁ ሲነካው ድምፁም ይፈቀዳል።

የፊደሎቹ ድምፅ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ልጁ «ለ»ን ነክቶ ድምፁ ዘግይቶ ከመጣ ጣቱ «ሉ» ላይ ሲደርስ የሚሰማው «ለ» ነው። ለሚማር ልጅ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ተራው የድምፅ ማጫወቻ ለረጅም ትረካ የተሠራ ስለሆነ አጫጭር ድምፆች ላይ ይንቀረፈፋል። ዌብ ኦዲዮ የሚባለውን የብራውዘሩን ክፍል ተጠቀሙ። ድምፆቹ ቀድመው ተፈትተው ማህደረ ትውስታ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲነኩ ወዲያው ይሰማሉ።

አኒሜሽኑ ላይ ምርጫው ቀላል ነው። ጂአይኤፍን ተዉት፤ በ1987 የተፈጠረ ነው፣ ከ256 ቀለም አይበልጥም፣ ፋይሉም ያብጣል። ለሚጻፍ ፊደል ኤስቪጂ የሚባለው በመስመርና በቅርፅ የሚገለጽ የሥዕል ፋይል ይሻላል። በፊደሉ ቅርፅ የተሸፈነ ወፍራም መስመር ቀስ እያለ እንዲሳል ታደርጋላችሁ፤ የፊደሉ ወፍራምና ቀጭን ቦታ እንዳለ ይጠበቃል፣ ፋይሉም ጥቂት ኪሎባይት ነው። አኒሜተራችሁ አፍተር ኢፌክትስ በሚባለው የአዶቤ አኒሜሽን መሥሪያ ላይ የሚሠራ ከሆነ ከኤርቢኤንቢ የወጣው ሎቲ ሥራውን በትንሽ ፋይል ያመጣላችኋል። ካንቫስና ዌብጂኤል የሚባሉት የብራውዘሩ መሳያ ክፍሎች ጨዋታ ወይም ባለሦስት አውታር ምስል ለሚሠራ ሰው ናቸው።

የብራውዘር ትልቁ ድክመት ኢንተርኔት ሲጠፋ ነው። ገጹን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ ፕሮግረሲቭ ዌብ አፕ የሚሉት ይህ ነው። ለጽሑፍ፣ ለሥዕልና ለአጭር ድምፅ አስተማማኝ ነው። ለቪዲዮ ግን ተጠንቀቁ። የአይፎን ሳፋሪ ቪዲዮን የሚጠይቀው ቆራርጦ ስለሆነ የተቀመጠው ቅጂ በዚያው መልክ ካልቀረበለት አያጫውትም። ሰባት ቀን ያልተከፈተ ገጽ ያስቀመጠውንም ሳፋሪ ሊያጠፋው ይችላል፤ ተጠቃሚው ወደ ስልኩ መነሻ ገጽ ካስገባው ግን ይተርፋል።

ፍላሽ ዲስክ ላይ የሚሄድ ፎልደር

ይህን አማራጭ ማንም ስለማያነሳው አዝናለሁ። ያንኑ ዌብሳይት ሙሉ ፎልደሩን ፍላሽ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ መምህሩ የመጀመሪያውን ፋይል ሁለቴ ጠቅ ሲያደርግ ብራውዘሩ ላይ ይከፈታል። ሰርቨር አያስፈልግም፤ ጭነትም የለም። የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል የለኝም የሚል የላብራቶሪ ኃላፊም አያስቆማችሁም። ኢንተርኔት ለማይደርስባቸው ትምህርት ቤቶች ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም።

ሕጎቹ ግን ጠበቅ ያሉ ናቸው። ከዲስክ በቀጥታ የተከፈተ ገጽ ሌላ ፋይል በኮድ ጠርቶ እንዲያነብ ብራውዘሩ አይፈቅድም። ቪዲዮው፣ ሥዕሉና ተራው ድምፅ ይሠራሉ። ቅድም ያልኩት ዌብ ኦዲዮ ግን ፋይሎቹን ማምጣት ያቅተዋል። መፍትሔው የፊደል ድምፆቹን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ኮዱ ውስጥ ማስገባት ነው። መጠናቸው በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ አጫጭር ስለሆኑ አይከብድም። የፋይል ስሞችን በላቲን ፊደልና ያለ ክፍት ቦታ ስየሙ፤ አድራሻቸውም ሁልጊዜ ከፎልደሩ የሚነሳ ይሁን። የአንድሮይድ ስልክ ላይ ይህ መንገድ አይሠራም ብላችሁ ያዙ። ለኮምፒውተር ብቻ ነው።

አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይህ አማራጭ ብዙ ይረዳል። ለዊንዶውስ 7 የተሠራው የመጨረሻው ክሮም በ2023 የወጣው 109ኛው ነው። እሱ ራሱ ከላይ የጠቀስኩትን ሁሉ ያጫውታል።

ኤሌክትሮን ወይስ ታውሪ

አሁን የሚጫን ሶፍትዌር ያስፈልጋል እንበል። የተማሪውን ውጤት መያዝ፣ ትልልቅ የቪዲዮ ፋይሎችን ማስተዳደር፣ ድምፅ ቀድቶ ማስቀመጥ ትፈልጋላችሁ። የዌብ ኮዳችሁን ሳትጥሉ ይህን የሚሰጧችሁ ሁለት መንገዶች ናቸው።

ኤሌክትሮን በ2013 ጊትሃብ ውስጥ ተጀመረ። ቪኤስ ኮድ፣ ስላክና ዲስኮርድ የተሠሩት በእሱ ነው። የክሮም መሠረት የሆነውን ክሮሚየም ከነነፍሱ አብሮ ይጭናል። ጥቅሙም ጉዳቱም ከዚህ ይመነጫል። ጥቅሙ እናንተ ቤት የሞከራችሁት ቪዲዮ የትም ኮምፒውተር ላይ በዚያው መልክ መጫወቱ ነው። ኮዴኮቹን ይዞ ይሄዳል። ጉዳቱ ባዶ አፕ እንኳ ሲጫን ከ100 ሜጋባይት በላይ መያዙ ነው። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ላይ ብራውዘር ተከፍቶ በተጨማሪ ኤሌክትሮን ሲከፈት ኮምፒውተሩ ይንፏቀቃል።

ታውሪ የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ በ2022 ወጣ። የራሱን ብራውዘር አይጭንም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ይጠቀማል። ስለዚህ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የሚመዝን አፕ ይወጣችኋል። በቴሌግራም ለሚላክ ፋይል ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2024 የወጣው ሁለተኛው እትም ስልክንም ይጨምራል። ከኋላ ያለው ቋንቋ ረስት ነው፤ ለቀላል ሥራ ብዙም አትነኩትም።

መልቲሚዲያ ላይ ግን ታውሪ ያስቸግራል። ዊንዶውስ ላይ የሚያጫውተው የኤጅ ሞተር ነው፣ ማክ ላይ የሳፋሪ፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ዌብኪትጂቲኬ። ሊኑክሱ ላይ ቪዲዮ የሚከፈተው ጂስትሪመር የተባለው ሶፍትዌር ከነኮዴኮቹ ከተጫነ ነው። ካልተጫነ ድምፅም ምስልም አይመጣም። ዊንዶውስ 11 ላይ የሚፈልገው አብሮ ይመጣል፤ አሮጌ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ተጨማሪ ጭነት ሊጠይቅ ይችላል፤ እሱም ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ልታሰራጩት ከሆነ ያንን ጫኚ አብራችሁ ማስገባት አትርሱ።

እኔ ብሆን ተጠቃሚዎቼ ሁሉ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ከሆኑ ታውሪን እመርጣለሁ። ሊኑክስ ከተቀላቀለና ቪዲዮው የሥራው ልብ ከሆነ ክብደቱን ችዬ ኤሌክትሮንን እወስዳለሁ። ዊንዶውስ 7 ካለ ሁለቱንም ተዉ፤ ኤሌክትሮን ከ23ኛው እትም ጀምሮ ትቶታል፤ ማይክሮሶፍትም ታውሪ የሚመካበትን ክፍል በ2023 ለዊንዶውስ 7 ማሳደግ አቁሟል።

ኪውትና ፍላተር

ኪውት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ቴሌግራም ዴስክቶፕ የተሠራው በኪውት ነው፤ የቪኤልሲ መልክም እንዲሁ። ፍጥነቱና ቅለቱ ከእነሱ ይታያል። ሲፕላስፕላስ ወይም ፓይተን የሚችል ሰው ካላችሁና አፑ ለረጅም ሰዓት ከባድ ቪዲዮ የሚያስኬድ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ወይም የአዳራሽ ማሳያ፣ ከዚህ የተሻለ የለም። ከ6.5 እትም ጀምሮ የሚያጫውተው በኤፍኤፍኤምፔግ ስለሆነ ኮዴክ ብዙ አያስጨንቅም። አምስተኛው እትም ዊንዶውስ 7ን ይደግፋል፤ ስድስተኛው ግን ከዊንዶውስ 10 ይጀምራል። ፈቃዱን በጥንቃቄ አንብቡ። በነፃ መጠቀም ይቻላል፣ ግን ግዴታዎች አሉት።

ፍላተር የጎግል ነው። ዋናው ተጠቃሚያችሁ ስልክ ላይ ከሆነና ዴስክቶፑ ተጨማሪ ብቻ ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው። አኒሜሽኑ ለስላሳ ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ ላይ ግን ዋናው የቪዲዮ ማጫወቻ ፓኬጅ ስለማይሠራ ሌሎች ያዘጋጁትን ትጨምራላችሁ። ዌብ ላይ ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። የኮምፒውተሩን ፎንት አይጠቀምም። የግዕዝ ፊደል ሲያጋጥመው ፎንት ከጎግል ያወርዳል፤ እስኪወርድ ድረስ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን አፑ ውስጥ አስገቡ፤ ችግሩ ይወገዳል።

የግርጌ ጽሑፍና ማሰራጨት

ሁሉንም አማራጭ የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች ይቀሩኛል። አንደኛው የግርጌ ጽሑፍ ነው። አማርኛውን ቪዲዮው ምስል ውስጥ አትለጥፉት። ቪዲዮው ወደ 240 ፒክስል ሲወርድ «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «በ»ን ከ«ቡ» የምትለየው ቅጥያ ትደበዝዛለች። ለንባብ ተማሪ ያ ጽሑፍ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል። ዌብቪቲቲ በሚባለው ፋይል ለብቻው አስቀምጡት። ጽሑፉ በማንኛውም ጥራት ጥርት ብሎ ይታያል፣ ስህተት ሲገኝ ቪዲዮውን ሳትነኩ ታርማላችሁ፣ እስራኤል ላለ ልጅ የዕብራይስጥ፣ ስዊድን ላለው የስዊድንኛ ትርጉም መጨመርም ይቻላል። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደላት አቀማመጥ ስልት መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ አማርኛው ይበላሻል።

ሁለተኛው ወጪ ነው። የሚጫን ሶፍትዌር ያለ ዲጂታል ፊርማ ስታሰራጩ ዊንዶውስ ሰማያዊ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ብዙ ወላጅ ያንን ሲያይ ቫይረስ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ፊርማው በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ አለው። ለማክ ደግሞ የአፕል የገንቢ አባልነት በዓመት 99 ዶላር ነው። ከኢትዮጵያ ሆኖ ይህን መክፈል የራሱ ውጣ ውረድ ስላለው በጀታችሁ ውስጥ አስቀድማችሁ አስገቡት። ዌብሳይቱና ፎልደሩ ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው።

ለመነሻ ያነሳሁትን የፊደል አፕ እኔ ብሠራው በተራ ዌብ እጀምራለሁ። በውጭ ላሉት በሊንክ፣ ለትምህርት ቤቶቹ ያንኑ ኮድ በፎልደር አደርሳለሁ። ውጤት መያዝ ሲያስፈልግ ብቻ ታውሪ ውስጥ አስገባዋለሁ። ከመልቀቄ በፊት ግን ካሉት ሁሉ ደካማ በሆነው ኮምፒውተር ላይ፣ ኢንተርኔቱን ነቅዬ፣ አንድ ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ አስሞክረዋለሁ። የመምህሯን ድምፅ ሳይጨመቅ በዋቭ፣ ቪዲዮውንም ከካሜራው እንደወጣ፣ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ አስቀምጣለሁ። ነገ ሌላ ኮዴክ ሲመጣ እንደገና የምጨምቀው ከዚያ ነው።